ከሰባቱ የጦር መርከቦች ካላዮፒ ብቻ እንዴት አመለጠች?

ጥያቄው የደረሰኝ ማሪን ኢንጂነሪንግ ለመማር እየተዘጋጀ ካለ አንድ ወጣት ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «በ1889 ሳሞአ ላይ አውሎ ነፋስ ሲነሳ ወደቡ ውስጥ ሰባት የጦር መርከቦች ነበሩ። ስድስቱ ሲጠፉ የእንግሊዟ ካላዮፒ ብቻ አመለጠች ይባላል። አንዳንዱ ያዳናት ከሰሉ ነው ይላል፣ አንዳንዱ ደግሞ ካፒቴኗ ነው። እውነቱ የቱ ነው? መርከቧስ በኋላ ምን ሆነች?»

ወንድሜ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው የጠየቅከኝ። እኔ የመርከብ መካኒክ ነኝ፣ ብዙ ዓመት ኢንጂን ሩም፣ ማለትም የሞተር ክፍል፣ ውስጥ ሠርቻለሁ። ስለዚህ መልሴ ወደ ሥራዬ እንደሚያደላ ከወዲሁ እወቀው። ግን የማደላው በምክንያት ነው። ከሰሉም ረድቷል፣ ካፒቴኑም ጎበዝ ነበር። መርከቧን ከዚያ ወደብ ያወጧት ግን ታች ሆነው ቦይለር፣ ውሃ አፍልቶ እንፋሎት የሚያወጣውን ጋን ማለቴ ነው፣ የሚያነዱትና ሞተር የያዙት ሰዎች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ባሕሩንም፣ ድንጋዩንም፣ ሌሎቹን መርከቦችም አላዩም። ለምን እንዲህ እንደምል እንድትረዳ ከመርከቧ አሠራር ልጀምር። ዓመቶቹንና ቀኖቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ካላዮፒ የተሠራችው ፖርትስማውዝ ነው። ሥራዋ በ1881 ተጀመረ፣ በ1884 ውሃ ላይ ወረደች፣ ሠራተኛ ተሟልቶላት አገልግሎት የጀመረችው ደግሞ በጥር 1887 ነው። ክብደቷ 2,770 ቶን፣ ርዝመቷ 72 ሜትር ገደማ ነበር። አሁን ካለው የጭነት መርከብ ጋር ስታስተያያት ትንሽ ናት። ስትሠራ «ኮርቬት»፣ ትንሽ የጦር መርከብ ማለት ነው፣ ትባል ነበር፣ በኋላ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ስሙን ለወጠና ሦስተኛ ደረጃ ክሩዘር፣ ፈጣን የጦር መርከብ፣ አላት። እሷና እህቷ ካሊፕሶ የዚያ ዓይነት የመጨረሻዎቹ ናቸው። ሸራም አላቸው፣ የእንፋሎት ሞተርም አላቸው።

ለምን ሁለቱንም? የእንግሊዝ ግዛት ሰፊ ነው። ከአንዱ የከሰል ማከማቻ እስከ ሌላው ድረስ ወር ሙሉ ሊያስኬድ ይችላል። ከሰል ማባከን ስለማይቻል ረጅሙን መንገድ በሸራ ይሄዱና ሞተሩን ለክፉ ቀን ያስቀምጡታል። ቀፎዋ፣ የመርከቧ ገላ ማለቴ ነው፣ ብረት ነው፣ በላዩ እንጨት ለብሷል፣ በእንጨቱ ላይ ደግሞ መዳብ። መዳቡ የባሕር ዛጎልና አረም እንዳይለጥፍባት ነው፤ ከመጠገኛ ርቃ ዓመታት ስለምትቆይ። ከሞተሩ በላይ 38 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የብረት ወለል ተዘርግቷል። አራት ባለ 6 ኢንችና አሥራ ሁለት ባለ 5 ኢንች መድፎች ነበሯት።

አሁን ልብ በል። ሞተሯ በተለመደው አየር 3,000 የፈረስ ጉልበት ገደማ ይሰጣል። የቦይለሩን ክፍል ዘግተው በፋን አየር ሲነፉበት ግን ከ4,000 ያልፋል። ይህ በዚያ ዘመን ለዚያ ክብደት ብዙ ጉልበት ነው። በመልካም አየር ወደ 15 ኖት ገደማ ያስሮጣታል፣ በሰዓት 27 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ይህን ቁጥር ያዘው፣ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ሳሞአ ምን አደረሳት? ነገሩ የቅኝ ግዛት ሽሚያ ነው። ጀርመን፣ አሜሪካና እንግሊዝ ሦስቱም ደሴቶቹ ላይ ዓይናቸውን ጥለዋል። በ1887 ጀርመኖች የሳሞአን ንጉሥ ማሊየቶአ ላውፔፓን ይዘው አገሩን አስለቅቀው አጋዙት፣ በምትኩ ታማሴሴ የሚባል የራሳቸውን ሰው አነገሡ። ሕዝቡ ግን ማታአፋ ከሚባል መሪ ጋር ቆመና ተዋጋ። በታኅሣሥ 1888 ጀርመኖች ወታደር ሲያወርዱ የማታአፋ ሰዎች መቷቸው፣ ብዙ ጀርመን ሞተ። ከዚያ በኋላ በርሊንም ዋሽንግተንም ተቆጡ። በመጋቢት 1889 አፒያ በምትባለው ወደብ ሦስት የጀርመን መርከቦች፣ አድለር፣ ኤበርና ኦልጋ፣ ሦስት የአሜሪካ መርከቦች፣ ትሬንተን፣ ቫንዴሊያና ኒፕሲክ፣ እርስ በርስ እየተያዩ ቆመዋል። ካላዮፒ ደግሞ የእንግሊዝን ጥቅም ልትጠብቅ መጥታለች። የጭነት መርከቦችም ነበሩ።

የኛን ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ይህ ሳምንት ሌላ ትዝታ አለው። አውሎ ነፋሱ የመጣው መጋቢት 15 እና 16 ነው፣ በኛ መጋቢት 7 እና 8 ቀን 1881። አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ የወደቁት ከዚያ አምስት ስድስት ቀን ቀደም ብሎ ነው። እዚያም እዚህም የአውሮፓ መንግሥታት የሰው አገር ላይ የሚሻኮቱበት ዘመን መሆኑን ለማስታወስ ያህል ነው።

ወደ ወደቡ እንመለስ። አፒያን ለማየት የእጅህን መዳፍ እንደ ጽዋ አድርገህ ጣቶችህን ወደ ሰሜን ከፈት አድርጋቸው። ወደቡ ማለት ያ ነው። በግራና በቀኝ ውሃው ሥር የኮራል ድንጋይ አለ፣ ከውስጥ በኩል ደግሞ የባሕር ዳርቻው። መግቢያው ጠባብ ነው። ነፋስ ከሰሜን ሲመጣ ማዕበሉ ቀጥ ብሎ በመግቢያው ይገባል፣ ገብቶም የሚወጣበት የለውም። መርከብ ውስጥ ካለች የምትይዘው በመልህቋ ብቻ ነው፤ መልህቋ ከለቀቀ ከኋላዋ ድንጋይ ነው የሚጠብቃት። በዚህ ላይ ሰባት የጦር መርከብ ጨምርበት። ሁሉም ተጨናንቀው ነው የቆሙት። አንዱ መርከብ ከተንሸራተተ ሌላውን ይመታል፣ የተመታው ደግሞ የሦስተኛውን ሰንሰለት ይበጥሳል።

የአየር ግፊት የሚለካው ባሮሜትር አስቀድሞ መውረድ ጀምሯል፣ ይህ አውሎ ነፋስ እንደሚመጣ ምልክት ነው። ታዲያ ለምን አልወጡም? የሚያስቆጨው ይህ ነው። አንዱ ምክንያት የአውሎ ነፋስ ወቅት ሊያልቅ ነው ብለው ማሰባቸው ነው። ሌላውና ዋነኛው ግን ኩራት ነው። የጀርመኑ ሳይወጣ የአሜሪካው አይወጣም፣ የአሜሪካው ሳይወጣ የጀርመኑ አይወጣም። አገሬን አስደፈርኩ ከማለት ሁሉም ወደቡ ውስጥ ቀረ። እንግሊዛዊውም አልወጣም፣ ይህን ደብቀን ካላዮፒን ብቻ ብልጥ ማድረግ ልክ አይደለም።

መጋቢት 15 ማታ ነፋሱ ተነሳ። ሌሊቱን ሁሉም መርከብ መልህቅ ጥሎ፣ ቦይለር አንድዶ፣ ሞተሩን ወደ ፊት እያስሠራ ሰንሰለቱ ላይ ያለውን ጭነት ለመቀነስ ይታገላል። ይህን አሁንም እናደርገዋለን፤ ወደብ አካባቢ ነፋስ ሲከፋ ሞተሩ ዝግ ብሎ ወደ ፊት ይሠራል፣ መልህቁ ብቻውን እንዳይሸከም። ግን በዚያ ሌሊት አልበቃም። ኤበር ገና ሳይነጋ ተጎትታ ድንጋዩ ላይ ተላተመች፣ ከመርከቡ ሰዎች የተረፉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አድለርን ደግሞ አንድ ትልቅ ማዕበል አንስቶ እንደ አሻንጉሊት ኮራሉ ላይ በጎኗ አስተኛት። የኒፕሲክን ጭስ ማውጫ ኦልጋ ገጭታ ጣለችው።

ጭስ ማውጫ ሲወድቅ ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳህ፣ ትምህርትህ ነው። ቦይለር ውስጥ እሳቱ የሚነደው አየር ስለሚሳብ ነው። የሚስበው ደግሞ ትኩሱ ጭስ ረጅሙን ቧንቧ ይዞ ሽቅብ ሲወጣ ነው። ቧንቧው ሲቆረጥ እሳቱ ይታፈናል፣ እንፋሎቱ ይወርዳል። ሞተር አለህ ግን ጉልበት የለህም። የኒፕሲክ ካፒቴን ሌላ ስላልቀረው መርከቡን አሸዋማው ዳርቻ ላይ አወጣት፣ ይህ ጥሩ ውሳኔ ነበር፣ ብዙ ሰው አትርፏል።

ሲነጋ ካላዮፒ ራሷ ነፍስ ውጪ ነፍስ ግቢ ላይ ናት። ሰንሰለቶቿ አንድ በአንድ ተበጥሰዋል። ፊት ለፊቷ ቫንዴሊያ እየተወዛወዘች ትመጣባታለች፣ በጎን ኦልጋ አለች፣ ከኋላዋ ኮራሉ በጣም ቀርቧል። የኋላዋ መሪ፣ ውሃ ውስጥ ያለው ሰፊው ሳንቃ ማለቴ ነው፣ ከድንጋዩ የሚለየው ጥቂት ጫማ ብቻ ነው። ቫንዴሊያን ገጭታታለች፣ ኦልጋም እሷን።

ካፒቴኑ ሄንሪ ኮይ ኬን ነው። አየርላንዳዊው የኬሚስትሪ ሊቅ የሰር ሮበርት ኬን ልጅ ነው። እሱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ በኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ወሰነ። የቀረውን ሰንሰለት ልቀቁት፣ ሞተሩን እስከ መጨረሻው ክፈቱት፣ ወጥተን ባሕር ላይ እንሂድ። ሰንሰለቱን መልቀቅ ማለት መመለሻ የለም ማለት ነው። ሞተሩ ለአንድ ደቂቃ ቢያቅተው ሁሉም ድንጋይ ላይ ነው።

አሁን ታች እንውረድ። ሰው ስለ ካላዮፒ ሲጽፍ እዚህ ጋ ሁለት መስመር ብሎ ያልፋል፣ እኔ ግን የምቆመው እዚህ ነው።

ዋናው መካኒክ ሄንሪ ጆርጅ በርክ ይባላል። የኬን ትእዛዝ ሲደርሰው ቦይለሮቹ በሙሉ ጉልበት እንዲሠሩ አደረገ። ይህ በቃል ቀላል ነው። ቦይለር ክፍሉ ተዘግቶ ፋኑ አየር ይነፋበታል፣ ስለዚህ እሳቱ ነጭ እስኪሆን ይነድዳል። ከሰል ወርዋሪዎቹ መርከቧ ግራና ቀኝ እየጣለቻቸው በአካፋ ይጨምራሉ። አንዱ በር ሲከፈት ሙቀቱ ፊት ይለበልባል፣ ቶሎ ጨምሮ ቶሎ መዝጋት አለበት፣ አለበለዚያ ቀዝቃዛ አየር ገብቶ ግፊቱን ያወርደዋል። አመዱ እሳቱን እንዳያፍነው በረጅም ብረት እየተቆሰቆሰ ይወጣል። ሰውየው መቆም አቅቶት አንድ እጁ የሆነ ነገር ይጨብጣል፣ በአንዱ እጁ ከሰል ያስገባል። ውጪ ምን እንደሚሆን የሚያውቀው ከላይ በሚመጣው ትእዛዝና በድምፅ ብቻ ነው። መርከብ ከመርከብ ሲላተም ታች ሆኖ መስማት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ብረቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጮሃል፣ ከየት በኩል እንደሆነ እንኳ አይለይም።

ከዚህ በላይ የሚከብደው ግን ፕሮፔለሩ፣ ከኋላ ሆኖ እየዞረ ውሃውን የሚገፋው፣ ነው። ካላዮፒ ያላት አንድ ፕሮፔለር ብቻ ነው። ማዕበል ከፊት ሲመጣባት አፍንጫዋ ሽቅብ ይሄዳል፣ ማዕበሉ ሲያልፍ ደግሞ አፍንጫዋ ይወርድና ኋላዋ ይነሳል። ያኔ ፕሮፔለሩ ከውሃ ይወጣል። ውሃ ሲገፋ የነበረ ሞተር በድንገት የሚገፋው ነገር ሲያጣ ያብዳል፤ ፍጥነቱ በቅጽበት ይጨምራል፣ ዘንጉ ይንቀጠቀጣል፣ ፒስተኑም ቢሆን ሊሰበር ይችላል። ወዲያው ኋላዋ ሲወርድ ፕሮፔለሩ ውሃውን በጡጫ እንደመቱት ያህል ይመታዋል።

እኔ አንድ ጊዜ በዝናቡ ወቅት የአረብ ባሕርን ስናቋርጥ ይህ ደርሶብኛል። የኛ ሞተር ፍጥነቱን ራሱ የሚቆጣጠር መሣሪያ አለው፤ ፕሮፔለሩ ሲወጣ ነዳጁን በራሱ ይቀንሳል። ቢሆንም ያን ሌሊት የሞተሩ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ ፊት ቆሜ አልተቀመጥኩም። ቁጥሩ ሽቅብ ሲዘል ልቤ አብሮ ይዘላል። መርከባችን የተጫነች አልነበረችም፣ ስለዚህ ኋላዋ ቶሎ ቶሎ ይወጣ ነበር። ሁለት ሰዓት ሙሉ እንዲህ ቆየን። ጠዋት ሻይ ስጠጣ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ምንም አልተሰበረም ግን።

በ1889 ይህ ሥራ የሰው ነበር። አንድ ሰው የእንፋሎቱን ቫልቭ በእጁ ይዞ ይቆማል። መርከቧ ኋላዋ ሲነሳ በእግሩ ይሰማዋል፣ ከወለሉ። ያኔ ይዘጋል። ሲወርድ ይከፍታል። ቶሎ ካልዘጋ ሞተሩ ይሰበራል፣ ብዙ ከዘጋ ደግሞ መርከቧ ጉልበት አጥታ ወደ ድንጋዩ ትመለሳለች። ይህን ለደቂቃዎች ሳይሆን ወደቡን እስኪለቁና ከዚያም በኋላ ባሕር ላይ ያደርገዋል። አንድ ጊዜ እንኳ መሳት አይቻልም።

ያን ቁጥር አስታውስ ያልኩህ እዚህ ነው። በሰላም ጊዜ 15 ኖት የሚያስሮጥ ጉልበት ሁሉ ተከፍቶ ካላዮፒ የምትሄደው ከአንድ ኖት በታች ነበር። ሰው በእግሩ ዝግ ብሎ ከሚሄደው በታች ማለት ነው። የቀረው ጉልበት ሁሉ ነፋሱንና ማዕበሉን ለመቋቋም ብቻ ነው የሄደው። እንግዲህ ጉልበቷ በአንድ ሩብ ያነሰ ቢሆን ኖሮ ወደ ፊት ሳይሆን ወደ ኋላ ነበር የምትሄደው። ብዙዎቹ መርከቦች ያን ያህል ጉልበት አልነበራቸውም። ትሬንተን ከእሷ በጣም ትከብዳለች፣ ሞተሯ ግን ያነሰ ነው።

ካላዮፒ በቫንዴሊያና በኮራሉ መካከል ሾልካ አለፈች። ግን መውጫው ላይ ሌላ ጉድ ይጠብቃታል። ትሬንተን እዚያ ናት፣ የአሜሪካኖቹ አድሚራል ሉዊስ ኪምበርሊ ያለባት። መሪዋ ተሰብሯል፣ የሰንሰለቶቹ ቀዳዳዎች ዝቅ ብለው ስለተሠሩ ውሃው በነሱ ገብቶ የቦይለሮቿን እሳት አጥፍቶታል። ይህ የዲዛይን ስህተት ነው፣ ለትምህርትህ ያዘው። በዚያ ቀዳዳ የገባው ውሃ ወደ 4,000 ቶን የሚጠጋ መርከብ ሞተር አልባ አደረገ።

በትሬንተንና በድንጋዩ መካከል ያለው ቦታ ለካላዮፒ የሚበቃም የሚመስል አልነበረም። ስታልፍ የፊት ሸራ መስቀያዋ ጫፍ ከትሬንተን ወለል በላይ አለፈ። ትሬንተን ላይ ከ400 በላይ ሰዎች አሉ። ሞተር የላቸውም፣ መሪ የላቸውም፣ ከኋላቸው ድንጋይ ነው። እነዚህ ሰዎች ካላዮፒ በአጠገባቸው ስትወጣ ሲያዩ በእልልታ ዓይነት ጩኸት አበረታቷት። ካላዮፒ ላይ ያሉትም መለሱላቸው። እዚህ ላይ ሁልጊዜ አንብቤ እቆማለሁ። ሊሞት የተቃረበ ሰው ሌላው ሲያመልጥ ደስ ሲለው ማየት ይከብዳል፣ ደስም ይላል። ከታች ያሉት የበርክ ሰዎች ግን ይህን አላዩም፣ ምናልባት ጩኸቱንም አልሰሙም።

ካላዮፒ ከወደቡ ወጥታ ባሕር ላይ ማዕበሉን ስትቋቋም ቆየች። መጋቢት 19 ስትመለስ ወደቡ ውስጥ የቆመ የጦር መርከብ አልነበረም።

የሌሎቹን ነገር ባጭሩ ልንገርህ። ቫንዴሊያ ሰጠመች፣ ካፒቴኗን ስኩንሜከርን ጨምሮ 43 ሰዎች ሞቱ። የተረፉት ምሰሶና ገመድ ላይ ወጥተው ሰዓታት ቆዩ። ትሬንተን ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ እየተንሸራተተች ቫንዴሊያ ጎን መጥታ አረፈች፤ ምሰሶ ላይ የነበሩት ወደ እሷ ተሻገሩ። ከዚያ በፊት የትሬንተን ባንድ የአሜሪካን ብሔራዊ መዝሙር ተጫወተላቸው፣ እጃቸው እንዳይለቅ። ትሬንተን ራሷ ጠፋች፣ ከሰዎቿ ግን የሞተው አንድ ብቻ ነው። ኦልጋም ዳርቻ ላይ ወጣች፤ እሷና ኒፕሲክ በኋላ ከአሸዋው ተነሥተው ተጠግነዋል። ስለዚህ «ስድስቱ ጠፉ» የሚለው ፍጹም ልክ አይደለም፦ አራቱ ጠፉ፣ ሁለቱ ዳርቻ ላይ ወደቁ። በጦር መርከቦቹ ላይ ብቻ ከ140 በላይ ሰው ሞቷል።

አንድ ነገር መዘለል የለበትም። የማታአፋ ሰዎች፣ ከሦስት ወር በፊት ጀርመኖችን የወጉት ራሳቸው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ማዕበሉ ውስጥ ገብተው የጀርመን መርከበኞችንም አሜሪካውያንንም ጎትተው አወጡ። የአፒያው አለቃ ሴኡማኑታፋ ሰው ለማዳን ላሳየው ድፍረት ከአሜሪካ መንግሥት የወርቅ ሰዓትና ጀልባ ተሰጠው። ስለ ካላዮፒ ሲነሳ ስማቸው ቶሎ አይጠራም፣ መጠራት ግን ይገባዋል።

አሁን ስለ ከሰሉ። ኬን በሪፖርቱ የኒውዚላንድን የዌስትፖርት ከሰል አመስግኗል፣ በርክም መስክሮለታል። ካላዮፒ ከሰሏን የሞላችው ኒውዚላንድ ነው፣ ዌስትፖርት በደቡብ ደሴት ምዕራብ ጠረፍ ያለች የከሰል ወደብ ናት። የኒውዚላንድ ሰዎች ይህን ሰምተው ዝም አላሉም፣ ለዓመታት የከሰላቸው ማስታወቂያ ሆኗል። እውነት ነው ወይ? ነው፣ በመጠኑ። ጥሩ ከሰል አመዱ ትንሽ ነው፣ ሙቀቱ ብዙ ነው። አመድ ሲበዛ ሁልጊዜ መጥረግ አለብህ፣ በሩ ሲከፈት ደግሞ ግፊቱ ይወርዳል። በዚያ ቀን ለአምስት ደቂቃ ግፊት መውረድ ማለት መርከቧን ማጣት ነበር። ስለዚህ ከሰሉ በእርግጥ ረድቷል።

ግን ከሰል ራሱን አያነድም። ያን የመሰለ ከሰል ይዞ ሞተሩ ያልተጠበቀ መርከብ፣ ቧንቧው የሚያፈስ፣ ቦይለሩ ውስጥ ቆሻሻ የተጠራቀመበት መርከብ፣ ያን ግፊት ለአንድ ሰዓት እንኳ አይችለውም፣ ይፈነዳል ወይም ያፈስሳል። የካላዮፒ ቦይለሮችና ሞተር ከመጋቢት 16 በፊት ባሉት ሁለት ዓመታት ማንም ሳያያቸው በየቀኑ ሲጠበቁ ነበር። በዚያ ጠዋት የታየው የዚያ ሥራ ውጤት ነው። ኬን ራሱ ሞተሩና ቦይለሩ ስለነበሩበት ጥሩ ሁኔታ ምስጋናውን ለበርክ ሰጥቷል። የባሕር ኃይሉም በርክን በዚያው ዓመት ልዩ ዕድገት ሰጥቶ «ፍሊት ኢንጂነር» ወደሚባል ከፍ ያለ የመካኒክ ማዕረግ አወጣው። ይህ በዚያ ዘመን ትልቅ ነገር ነው። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መካኒኮችን ከላይ ሆነው መርከቧን ከሚመሩት መኮንኖች አሳንሶ ነበር የሚያያቸው፤ እጃቸው ዘይት ስለሚነካ። ኬንም የንጉሣዊ የክብር ሽልማት ተሰጠው፣ ይገባዋል። ውሳኔውን ትንሽ ቢያዘገየው በርክ የፈለገውን ያህል ጎበዝ ቢሆን አያወጣቸውም ነበር።

ሳሞአ ላይ ደግሞ በዚያው ዓመት ሰኔ በርሊን ውስጥ ስምምነት ተፈረመ፣ ሦስቱ አገሮች አብረው እንዲቆጣጠሩና ማሊየቶአ ላውፔፓ እንዲመለስ። በ1899 ግን ደሴቶቹን ጀርመንና አሜሪካ ተካፈሉት። መርከቦቹ ለተፋጠጡበት ነገር ሕይወታቸውን የከፈሉት መርከበኞቹ ናቸው፣ የሳሞአ ሰዎችም አገራቸውን አጡ።

«መርከቧስ?» ያልከው። ካላዮፒ ጥገና ተደርጎላት ትንሽ ጊዜ እዚያው አካባቢ ሠራች፣ ከዚያ ወደ እንግሊዝ ተመለሰች። ሸራ ያላት መርከብ ጊዜው አልፎባታል፣ አዲሶቹ ክሩዘሮች በፍጥነትም በመድፍም በጣም ቀድመዋታል። ለዓመታት ያለ ሥራ ተቀምጣ ከ1897 እስከ 1905 ገደማ ወጣት መርከበኞችን ለማሠልጠን ዋለች። ከዚያ ልትሸጥ ተብሎ አንድ ሐሙስ ሲቀራት በ1907 ሌላ ሥራ አገኘች፦ ታይን ወንዝ ላይ፣ ኒውካስል ከተማ ታስራ የበጎ ፈቃደኛ የባሕር ኃይል ተጠባባቂዎች ማሠልጠኛ ሆነች። እዚያ ስንት ዓመት የቆየች ይመስልሃል? 44 ዓመት። ሁለት የዓለም ጦርነቶችን እዚያው ታስራ አሳለፈች።

በ1915 ስሟ ተወሰደባት። አዲስ የተሠራ ክሩዘር ካላዮፒ ተባለና አሮጊቷ «ሄሊኮን» ተባለች። አዲሱ በ1931 ሲሸጥ ስሟ ተመለሰላት። ስሟን ከወሰደባት መርከብ በላይ ኖረች ማለት ነው። በመጨረሻ በ1951 ተሸጠች፣ ከዚያ ብላይዝ በምትባል ወደብ ተሰባበረች።

ለማየት ብትፈልግ የሚቀር ነገር አለ። መሪዋን፣ ያን ጠዋት ሰዎች በእጃቸው የያዙትን ክብ የእንጨት መሪ፣ በ1953 ለሳሞአ መንግሥት ሰጡት። ስሟም አልጠፋም፣ ኒውካስል ፊት ለፊት ጌትስሄድ ላይ ያለው የባሕር ኃይል ተጠባባቂዎች ማሠልጠኛ ዛሬም ካላዮፒ ነው የሚባለው። የአድለር ሬሳ ደግሞ አፒያ ኮራል ላይ በጎኑ እንደተኛ ለአሥርተ ዓመታት ሲታይ ኖሯል። እህቷ ካሊፕሶ ካናዳ ሄዳ ኒውፋውንድላንድ ውስጥ ቀረች፤ ቀፎዋ ኤምብሪ በሚባል መንደር ዳርቻ አሁንም አለ። የካላዮፒ አሠራር ምን ይመስል እንደነበር በዓይንህ ለማየት የቀረህ እሱ ነው፣ ዝጎ ግማሹ ውሃ ውስጥ ቢሆንም።

ትምህርት ስትጀምር የእንፋሎት ጊዜ አልፏል ብለው ቦይለርን በቸልታ ሊያሳልፉብህ ይችላሉ። ዛሬም ዘይት የሚጭኑና ጋዝ የሚያጓጉዙ መርከቦች ላይ ቦይለር አለ፣ ደርሰህ ታገኘዋለህ። የፕሮፔለሩ ነገር ደግሞ ከበርክ ዘመን ጀምሮ አልተለወጠም። ስለ ፍጥነት መቆጣጠሪያው ጥያቄ ካለህ ጻፍልኝ፣ በሥዕል አድርጌ አስረዳሃለሁ።